ያገገመ ሰው ሩጫ

ታኅሣሥና ጥር ላይ የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ደጋ የነፋስ አገር ይሆናል። ጤፉ ታጭዶ፣ ስንዴው ተከምሮ ሜዳው ሲራቆት ከጮቄ በኩል የሚመጣውን ነፋስ የሚመክተው ነገር እምብዛም የለም። በየማሳው ድንበር የተተከለው ባሕር ዛፍ ወደ አንድ ወገን ተጋድሞ ያፏጫል፣ የመንገደኛው ጋቢ ከትከሻው እየተገፈፈ መላልሶ ይጣፋል፣ የገለባው ብናኝ ዓይን ይሞላል። በዚህ ወቅት ከከተማው ወጥቶ ወደ ረቡዕ ገበያ አቅጣጫ በሚያቀናው የእግር መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው እናስብ። ሳምንታት አልጋ ላይ የዋለ፣ ትኩሳት ያነደደው፣ አጥሚትና መረቅ በማንኪያ ሲሰጠው የከረመ፣ ከመኝታው እስከ ደጁ ለመድረስ ግድግዳ ይደግፍ የነበረ ሰው ነው። አሁን ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ዳገቱን ይወጣል። ደረቱ ይነፋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ጉልበቱ ገና ስላልጠና አልፎ አልፎ ይብረከረካል፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ጎረቤቱ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎታል፤ እሱም «አሜን» ብሏል። ሩጫው የዚያ አሜን ተከታይ ነው ወይስ አሜኑን የሚያስረሳ ሌላ ጉዳይ?

በአገራችን የተለመደው መልስ ሁለቱን ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል። ምስጋና ቦታ አለው፤ ጠበሉ ዘንድ፣ ስለቱ ሲገባ፣ ጧፍና ጃንጥላ ለታቦቱ ሲቀርብ፣ በቅዳሴው መካከል። የሰውነት ደስታ ደግሞ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ኃጢአት ባይባል እንኳ ከእግዚአብሔር ጋር ጉዳይ እንዳለው ማንም አያስብም። አንዳንዱ አጥባቂ ከዚህም አልፎ የዳነ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ረጋ ብሎ፣ የተረፈበትን ምክንያት እያሰላሰለ መኖር ይገባዋል ይላል። ይህ አስተሳሰብ በቅንነት የሚያዝ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ስሕተት ይመስለኛል። ከሕመም የተነሣ ሰው በተመለሰለት ሰውነት መደሰቱ ራሱ ምስጋና ነው ብዬ አምናለሁ። የግድ ወደ ቃል ወይም ወደ መባ እስኪለወጥ ድረስ ምስጋና አይባልም የሚለውን አልቀበልም። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እሱን በቦታው አነሣዋለሁ።

ማስረጃውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገር ነው፤ የዲማ ጊዮርጊስ፣ የደብረ ኤልያስ፣ የዋሸራና የጎንጅ ቴዎድሮስ ስም ከቅኔ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ልጅ ቅኔ ከመቁጠሩ በፊት ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የምንለው መጽሐፍ ደግሞ መዝሙሮቹን ብቻ የያዘ አይደለም፤ መሓልየ ነቢያትን፣ መሓልየ መሓልይንና ውዳሴ ማርያምን አስከትሎ ይጠረዛል። ከነቢያቱ መሓልይ አንዱ የንጉሥ ሕዝቅያስ ጸሎት ነው። ሕዝቅያስ ለሞት የሚያበቃ ሕመም ታሞ፣ ቤትህን አደራጅ ተብሎ በነቢዩ በኢሳይያስ የተነገረው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ያለቀሰ፣ 15 ዓመትም ተጨምሮለት የተነሣ ሰው ነው። ጸሎቱ ከዳር እስከ ዳር ያገገመ ሰው ጸሎት ነው። በዕድሜው እኩሌታ ወደ ሲኦል ደጅ እንደ ተጠራ፣ አጥንቱ እንደ ደቀቀ፣ እንደ ወፍ እንደ ጮኸ ይናገርና ክርክሩን ያቀርባል፤ ሙታን አያመሰግኑም፣ የሚያመሰግነው ያለ ሰው ነው፣ እሱም ዛሬ አለ። ለምስጋናው መሠረት ያደረገው የሚያገባውን መባ አይደለም፤ መኖሩን ነው። ከሕዝቅያስ ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ በዚያው መጽሐፍ የሦስቱ ልጆች መዝሙር ይገኛል። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእቶኑ መካከል ሆነው ፍጥረትን በየስሙ እየጠሩ ለምስጋና ሲያስነሡ ፀሐይና ጨረቃን፣ ዝናብና ጠልን ይጠራሉ፤ ነፋሳትንም ይጠራሉ። ነፋስ ቃል የለውም፣ ስለት አይሳልም፣ ሻማ አያበራም። ምስጋናው እንደተፈጠረው ሆኖ መንፈሱ ብቻ ነው። እንግዲህ ዳዊቱን በማኅደር አንጠልጥሎ ከደብር ወደ ደብር የሚሄደው ተማሪ የዳነን ሰው ምስጋናና የነፋስን ምስጋና በአንድ ትከሻ ይዞ ይጓዛል ማለት ነው። ሁለቱ ደጋው ላይ ሲገናኙ የምንደነቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የሐዋርያት ሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ነገሩን በሰው እግር ላይ ያሳየናል። ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ መራመድ ያልቻለ፣ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው በየቀኑ በሰው ሸክም እየመጣ በመቅደሱ በር ይለምናል። ጴጥሮስ በቀኝ እጁ ይዞ ያስነሣዋል። ሉቃስ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲጽፍ በችኮላ አላለፈውም፤ ሰውየው ዘሎ መቆሙን፣ መራመዱን፣ እንደገናም እየዘለለና እያመሰገነ ወደ መቅደሱ መግባቱን አንድ በአንድ ይነግረናል። ዝላዩ በአንድ ወገን፣ ምስጋናው በሌላ ወገን ተለይቶ አልተቀመጠም። ከመቅደሱ ውስጥ ያለ ማንም ሰው «መጀመሪያ ረጋ በል፣ ምስጋናህን አድርስ፣ ዝላዩ ይቆይህ» አላለውም። ሕዝቡ እግዚአብሔርን ያደነቀው የሰውየውን ንግግር ሰምቶ አይደለም፤ ምን እንደተናገረ እንኳ አልተጻፈም። እግሩን አይቶ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን ታውቃለች። ማሕሌት የቆመ ካህን መቋሚያውን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ ከበሮው እየጠነከረ ሄዶ ወረቡ ሲጋል የሚያመሰግነው አንደበት ብቻ አይደለም፤ ትከሻም፣ ጉልበትም፣ እጅም ያመሰግናሉ። ሰጋጁ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ፣ ምእመኑ ረጅሙን ቅዳሴ በእግሩ ቆሞ ሲያስቀድስ ሰውነት የጸሎቱ ተካፋይ ነው። በእርግጥ ሩጫ ማሕሌት ነው አላልኩም። ማሕሌት ሥርዓት አለው፣ ጉባኤ አለው፣ የተወሰነ ቀን አለው። የምለው ሰውነት ከቅጥሩ ውስጥ ምስጋና መሸከም ከቻለ ከቅጥሩ ሲወጣ ይህ ችሎታው የሚጠፋበት ምክንያት አልተነገረንም ነው።

ስለ ነፋሱና ስለ ደጋው ራሱን የቻለ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ደስታው በማንኛውም ሜዳ ላይ ከሚገኘው የተለየ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጅብራና ጓሳ ብቻ ወደሚቀሩበት፣ ጨሞጋና ሙጋ ወደሚመነጩበት፣ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ወደሚያልፈው ጮቄ ሲወጡ ደግሞ ይብስ ይሳሳል። አገሬው ይህን አየር ለምዶታል፤ ደብረ ማርቆስ የተወለደችው መሰለች መልካሙ በ2001 ዓ.ም. 10,000 ሜትርን ከ30 ደቂቃ በታች ሮጣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ማስመዝገቧ ይታወሳል። አልጋ ላይ የከረመ ሰው ግን ያ ልምድ ላልቶበታል። ጡንቻው ሟሽሿል፣ ልቡ ለትንሽ ሥራ ብዙ ይመታል። በዚህ ላይ የፊት ነፋስ ሲጨመር ጉዳዩ ይከብዳል፤ ሰውነት ከአየሩ ጋር የሚገናኝበት ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የሚገጥመው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ያገገመው ሯጭ እያንዳንዷን ትንፋሽ ሠርቶ ያገኛታል፣ አግኝቶም ያውቃታል። ጤነኛ ሰው መተንፈሱን አያስተውልም። የታመመ ሰው ያስተውላል፤ የሚያስተውለው ግን በፍርሃት ነው፣ ቀጣዪቱ ትመጣ ይሆን እያለ። ያገገመ ሰው በነፋስ ውስጥ ሲሮጥ የሚያገኘው እውቀት ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ትንፋሹ እንደሚያልቅ ከታማሚው ተምሯል፣ አሁን ግን ሞልቶ ሲፈስለት ያየዋል። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ይህ ደስታ አይገኝም።

ይህን እውቀት ገበሬው በሌላ መንገድ ያውቀዋል። በሬዎቹ ምርቱን አበራይተው ከጨረሱ በኋላ አውድማው ላይ የቀረው ሥራ የነፋስ ነው። ገበሬው በመንሽ ያነሣል፣ ነፋሱ ገለባውን ወደ ዳር ይወስዳል፣ ፍሬው ከእግሩ ሥር ይወርዳል፤ እያጣራ ሲሄድ ላይዳውን ይይዛል። ነፋሱ ቀጥ ሲል ሥራው ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ መንሹን ተመርኩዞ፣ ወደ ዛፎቹ ጫፍ እያየ ይጠብቃል። የዓመቱ ድካም በሙሉ ከፊቱ ተከምሮ ሳለ የመጨረሻዋን ነገር መግዛትም ማዘዝም አይችልም። ሲመጣለት ደግሞ አይቀመጥም፤ ተነሥቶ ይሠራበታል። ጌታ ለኒቆዲሞስ በሌሊት ሲናገር ነፋስ ወደ ወደደበት እንደሚነፍስ፣ ከየት እንደ መጣ እንደማይታወቅ ያስታወሰው ያለ ነገር አይደለም። ጤናም እንዲሁ መጥቶ ያደረ እንጂ ተመርቶ ጎተራ የገባ ነገር እንዳልሆነ ያገገመ ሰው ያውቃል፤ ነፋሱ ፊቱን ሲመታው ይህን እውቀት በቆዳው ያገኘዋል።

አሁን ወደ ቅድመ ሁኔታው ልምጣ። ሕዝቅያስ ከዳነ በኋላ ያደረገው ነገር አለ። የባቢሎን ንጉሥ መታመሙንና መዳኑን ሰምቶ መልእክተኞች ከገጸ በረከት ጋር ላከለት። «እንኳን ማረህ» ሊሉት ነው የመጡት። ንጉሡም ደስ ብሎት ግምጃ ቤቱን ከፈተላቸው፤ ብሩን፣ ወርቁን፣ ሽቱውን፣ የጦር መሣሪያውን ሁሉ አሳያቸው፣ ያላሳያቸው ነገር አልነበረም። ኢሳይያስ መጥቶ ይህ ሁሉ ወደ ባቢሎን እንደሚጋዝ ነገረው። የዜና መዋዕል ጸሐፊም ሕዝቅያስ እንደ ተደረገለት ቸርነት አለመመለሱን፣ ልቡ መኩራቱን ጽፎበታል። አጥባቂዎች ይህን ታሪክ ያገገመ ሰው መደሰት እንደሌለበት ማስረጃ አድርገው ሊጠቅሱት ይችላሉ። ታሪኩ የሚለው ግን ሌላ ነው። ሕዝቅያስ የተወቀሰው ስለ ደስታው አይደለም፤ ጸሎቱ ዛሬም ይደገማል። የተወቀሰው ተጨማሪውን ዕድሜ ከግምጃ ቤቱ ዕቃዎች እንደ አንዱ ቆጥሮ ለእንግዳ ስላሳየው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በተመለሰለት ሰውነት የሚደሰት ሰውና የተመለሰለትን ሰውነት የራሱ ንብረት አድርጎ የሚያሳይ ሰው ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ይሮጣሉ፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አንዱ ግን የያዘውን ነገር ከማን እንደ ተቀበለ ያውቃል። የሩጫ ደስታ ምስጋና የሚሆነው ይህ እውቀት በውስጡ እስካለ ድረስ ነው። የሮጠበትን ርቀትና ፍጥነት ለሰው ለማሳየት ብቻ የሚሮጥ ሰው ግምጃ ቤቱን እየከፈተ ነው፤ ይህን በየስልካችን በየቀኑ የምናየው ስለሆነ ማስፋት አያስፈልገኝም።

ከቅዱስ ጳውሎስ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሥጋን ማለማመድ ጥቅሙ ጥቂት እንደሆነ፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለሁሉ እንደሚጠቅም ተናግሯል፤ ስለዚህ ሩጫን ከምስጋና ጋር ማገናኘት ጥቂቱን ትልቅ ማድረግ ነው ይባላል። በመጀመሪያ ጳውሎስ ጥቂት አለ እንጂ ምንም አላለም። ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ግን ከፍ ብሎ በዚያው ምዕራፍ የጻፈው ነው። ጋብቻን የሚከለክሉ፣ ከመብል የሚያርቁ አስተማሪዎች እንደሚመጡ ያስጠነቅቅና የእግዚአብሔር ፍጥረት ሁሉ መልካም እንደሆነ፣ በምስጋና ከተቀበሉት የሚጣል እንደሌለ ይመልስላቸዋል። መመዘኛው መቀበሉ ነው፤ የሥጋ ነገር መሆኑ አይደለም። ደራሲነቱ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብም የፈጣሪ ሥራ መልካም መሆኑን መነሻ አድርጎ የሰውነትን ፍላጎት የሚያዋርዱትን ይሞግታል። ሐተታው በጾም ላይ የሚለውን አልከተልም፤ የጾም ዓላማ ሰውነትን መጥላት ነው ብዬ ስለማላምን። ፋሲካ ሲደርስ ገበታ ላይ የሚታየው ደስታ ጾሙን አያፈርሰውም፤ ያንኑ ሰውነት በእርካታ ይቀበለዋል እንጂ።

ከዚህ የሚከብደው ከሕዝባችን ሃይማኖታዊ ሕይወት ውስጥ የሚነሣው ነው፤ የስለት ነገር። በሕመም ጊዜ የተሳለ ሰው ዕዳ አለበት፤ ዕዳውን ሳይከፍል እንዴት ሜዳ ለሜዳ ይሮጣል? ስለትን አላቃልልም፤ ሐናም ተስላ ሳሙኤልን አግኝታለች፣ ቃሏንም ጠብቃለች። ነገር ግን መዳንን በሙሉ እንደ ዕዳ ማየት ምን እንደሚያስከትል ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር አሳይተውናል። በዛብህ በልጅነቱ ሕይወቱ እንዲተርፍ ወላጆቹ በተሳሉት ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ሰው ነው። የተረፈለት ሕይወት የእሱ ሆኖ አልተሰጠውም፤ ገና ማሰብ ሳይጀምር በመያዣ ተይዟል። ከሰብለ ወንጌል ጋር ፍቅር ሲይዘው የሚጨነቀው በመውደዱ ብቻ አይደለም፤ የተረፈበት ሕይወት መደሰትን የሚከለክለው ስለሚመስለው ጭምር ነው። ወላጆቹ በፍቅር ያደረጉት ነው፤ ይህን ማንም ልብ ያለው አንባቢ ያያል። እግዚአብሔርን ግን አበዳሪ አድርገው ሥለውለታል። አንዲት እናት ለእንግዳዋ እንጀራ አቅርባ፣ ወጥ አውጥታ፣ እንግዳው ሳይቀምስ ሒሳቡ ስንት ነው ብሎ ቢጠይቃት ታዝናለች፤ ያስደሰታት ሲበላ ማየት ነበር። ከአሥሩ ለምጻሞች ታሪክም የምንማረው ይህንኑ ነው። አሥሩም ወደ ካህናት ሄደው ራሳቸውን እንዲያሳዩ ታዘዙ፤ በሕጉ መሠረት የነጻ ሰው እዚያ የሚያቀርበው መሥዋዕት አለው። በመንገድ ሳሉ ነጹ። ዘጠኙ ወደ ታዘዙበት ቀጠሉ፤ ሳምራዊው ግን ደስታው መንገዱን አስቀይሮት እየጮኸ ተመለሰ። ክርስቶስ የጠየቀው ስለ ዘጠኙ ነው። የቀሩት መባውን በሥርዓቱ አስገብተው ሊሆን ይችላል፤ የጎደለባቸው መባው አልነበረም።

የእናቶቻችን ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከሥነ መለኮት ይልቅ የጤና ነው፤ ቀላል ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ላብህ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ አትውጣ፣ ምች ይመታሃል፣ ያገረሽብሃል ይላሉ። ዳማከሴ አሽተው ያሸቱታል፣ ጋቢ ይደርቡለታል፣ በሩን ይዘጉበታል። ምችን ሐኪም በሌላ ስም ይጠራው ይሆናል፤ ግርሻን ግን እሱም ይፈራዋል። ትኩሳት ያለበት ሰው መሮጥ የለበትም፤ አንዳንድ የቫይረስ ሕመም የልብን ጡንቻ ስለሚያቆስል በቶሎ ወደ ከባድ እንቅስቃሴ መመለስ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የምናገርለት ሩጫ በእግር ጉዞ የተጀመረ፣ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ያደገ ሩጫ ነው። ይህ ጥንቃቄ ደስታውን አይቀንሰውም፤ የመቀበሉ አካል ነው። ኤልያስ በዚህ ጉዳይ ጥሩ አስተማሪ ነው። በቀርሜሎስ የእግዚአብሔር እጅ በላዩ ሆና ከአክዓብ ሠረገላ ቀድሞ እስከ ኢይዝራኤል ሮጧል። ብዙም ሳይቆይ ተስፋ ቆርጦ ከአንድ ዛፍ ሥር ሞቱን ለምኖ ተኛ። መልአኩ አልገሠጸውም፤ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንደገና እንዲተኛ ተወው፣ ሁለተኛም አበላው። መንገዱ ሩቅ መሆኑን የነገረው ያን ጊዜ ነው። በኮሬብ ተራራውን የሰነጠቀው ነፋስ ሲያልፍ እግዚአብሔር በነፋሱ ውስጥ እንዳልነበረ ተጽፏል፤ ነፋሱን የሚወድ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው፣ ነፋሱ የሚመለክ አይደለምና። ነገር ግን ነፋሱ ከፊቱ ያለፈው እሱ የላከው ስለ ነበረ ነው።

ስለ እግዚአብሔር የማያስብ ሰውም በዚያው መንገድ ላይ በዚያው ደስታ ይሮጣል፤ ታዲያ ምስጋና የሚለው ነገር ትርፍ ጌጥ አይደለም ወይ ለሚለው ፍሬድሪክ ኒቼን መጥራት ይቻላል። የሉተራን ቄስ ልጅ ነበር፤ በሕመም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1879 የባዝል ዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ተወ፣ ከዚያ ወዲያ በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ እየተራመደ ነበር የሚያስበው። እ.ኤ.አ. በ1882 ላሳተመው መጽሐፍ በኋላ በጻፈው መቅድም መጽሐፉ ካገገመ ሰው ምስጋና የተወለደ መሆኑን ይናገራል። እግዚአብሔርን የካደ ሰው ስለ ደስታው ሊገልጽ ሲነሣ ያገኘው ስም ምስጋና መሆኑ እጅግ የሚያሳስብ ነው። ደስታው እውነተኛ እንደነበር አልጠራጠርም። ያጣው የሚያመሰግነውን ነው። የማያምን ሯጭ ደስታ ሐሰት ነው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ እኔ የምለው ያ ደስታ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ የቆመ፣ የሚቀበለውን የሚፈልግ ደስታ ነው ነው። ያመነው ሰው የሚለየው በተሻለ ስለሚደሰት አይደለም፤ አሜን የሚልለት ስላለው ነው።

የሚቀረው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ያልተነሡትስ? በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓይነት ትኩሳት ሁለት ሰው ተኝቶ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ተቀብሯል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በግጭት ውስጥ ባለው በዚህ ክልል ደግሞ ሐዘን ያልገባበትን ቤት መፈለግ ያስቸግራል፤ በእንዲህ ያለ አገር ስለ ሩጫ ደስታ መጻፍ ራሱ ድፍረት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። የምመልሰው ይህን ነው፤ ደስታው ነውር የሚሆነው ፍርድ ሲሆን ነው። «እግዚአብሔር ማረኝ» ማለትና «እግዚአብሔር ስለሚወደኝ ማረኝ፣ ያንን ስላልወደደው ወሰደው» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ክርስቶስ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሎ ይህን ሒሳብ ዘግቶታል። አበበ ቢቂላን እናንሣ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ፤ ተከታዮቹ ገና ወደ ስታዲየሙ ሳይደርሱ እሱ ሣሩ ላይ ሆኖ እግሩን እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከዱት። በ1962 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተሳተፈ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። ድሉንም አደጋውንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ብሎ እንደ ተቀበለ ይነገርለታል። ምስጋና የእግር ንብረት ቢሆን ኖሮ አበበ በ1961 ያጣው ነበር። በቶኪዮ ሣር ላይ የነበረው ደስታ ምስጋና እንዲሆን ያስፈለገው ነገርና ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት ለመሳብ ያስፈለገው ነገር አንድ ይመስለኛል፤ ሰውነትን የተቀበሉት እንጂ ያፈሩት አለመሆኑን ማወቅ። ስለዚህ ያገገመው ሰው ከደጋው ሲመለስ በመንገዱ ላይ ያልተነሣ ጎረቤቱን ሊጠይቅ ቢገባ ፊቱን አጨፍግጎ፣ እንዳልሮጠ መስሎ መግባት አይኖርበትም። አልጋው ላይ ያለው ሰው ውጪው እንዴት እንደዋለ ሲጠይቀው ነፋሱ እንዴት እንደገፋው፣ ጉልበቱ የት ላይ እንደደከመ፣ አውድማው ላይ ማን ማን እንደነበረ እንዳለ ሊነግረው ይችላል።